የኔታ፣ አንስታይንና ሁለተኛው ገምጋሚ

ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ጊዜ የሌላችሁ ለቅዳሜ ቡና አቆዩት፣ ቅር አይለኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በየክፍለ ጊዜው ስለ ዓድዋ ካላወራን ብሎ የሚያስቸግረኝ ልጅ ነበር። አሁን ሶሲዮሎጂ ማስተርሱን እየሠራ ነው። «ቲቸር፣ ጽሑፌን ለጆርናል ልኬ ሁለት ሰዎች ገመገሙት። አንዱ ጥሩ ነው አለ፣ ሁለተኛው ድራሹን አጠፋው። ስሙን እንኳን አላውቀውም። ልተወው እያሰብኩ ነው» ይላል።

ስልኬን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። እኔም እዚያ ቤት ገብቻለሁ፤ ለማንም ስላላወራሁ ነው እንጂ። ከመምህራን ክፍል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ለሱ ብዬ የጀመርኩት መልስ እየረዘመ ሄዶ ይሄን አከለ። መቼም የታሪክ አስተማሪ ከሥሩ ካልጀመረ አይሆንለትም።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንድ ተመራማሪ ጽሑፉን ለጆርናል ሲልክ ኤዲተሩ ዝም ብሎ አያትመውም። ጉዳዩን ያውቃሉ ለሚላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ይሰጣቸዋል። እነሱ አንብበው «ይታተም»፣ «ይስተካከል»፣ «ይቅር» ይላሉ። የአቻ ግምገማ የሚሉት ይሄንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ማን እንደገመገመው አያውቅም። ገምጋሚውም ብዙውን ጊዜ ሳንቲም አይከፈለውም።

ብዙ ሰው ይሄ ነገር ከነ ስሙ ከፈረንጅ የመጣ ይመስለዋል። እኛ ጎጃሞች ግን እንደዚያ ብናስብ ነውር ነው። የቅኔን ጉባኤ ቤት አስቡት። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋድላ ወሎ ነው፤ ጎንጅና ዋሸራ ግን የኛው ናቸው። ተማሪው ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ጀማሪ ከሆነ መጀመሪያ ከፍ ያለው ተማሪ ይሰማዋል። ከዚያ የኔታ ይሰሙታል። ቤቱ መትቷል? ዜማው ልኩን ይዟል? የግእዙ ግስ በቦታው ገብቷል? ሰሙ ከወርቁ ይገጥማል? ታሪኩ ከመጽሐፍ ጋር ይስማማል? አንዱ ከጎደለ ያርሙታል፣ ወይም አፍርሰው ይመልሱታል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ብትሆንም ያው ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ቢሆንም ያው ነው።

አጎቴ ጎንጅ ደጅ ጠንቷል። አንድ ቀን ደክሞት ኖሮ ከሌላ ቦታ የሰማውን ምሥጢር ቃሉን ለዋውጦ አቀረበ። የኔታ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ «መልካም ነው፤ የማን ነው?» አሉት። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። አጎቴ ይሄን ሲያወራ ከአርባ ዓመት በኋላም ፊቱ ይቀላል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ኩረጃ የሚይዝ ሶፍትዌር በዶላር ይገዛሉ።

ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ወደኋላ ስለምመለስበት ልብ በሉት። የኔታ ፊት ለፊት ናቸው። ቅኔህን ያፈረሱት እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለህ፣ እሳቸውም ማን እንደሆንክ ያውቃሉ፤ ምን በልተህ እንዳደርክ ሁሉ ያውቃሉ። የተበላሸው ቅኔ የማን እንደሆነ ጉባኤው በሙሉ ይሰማል፤ ጥሩ ከሆነም «ይበል!» የሚለው ያው ጉባኤ ነው።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ። የሳይንስ ጆርናል የሚባለው ነገር እንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1665 ነው። እኛ አገር ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በሕይወት ነበሩ። ሄንሪ ኦልደንበርግ የሚባል የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ከየአገሩ የሚደርሰውን ደብዳቤ እየሰበሰበ ማሳተም ጀመረ። ገምጋሚውም፣ ኤዲተሩም፣ ነጋዴውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1752 ማኅበሩ ኅትመቱን ራሱ ተረክቦ ኮሚቴ አቋቋመለት። በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ ሐተታ የመጣው ግን ከዚያም በጣም ዘግይቶ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የመጀመሪያው ሐተታ ታሪክ ያስቀኛል። ዊልያም ሂወል የሚባል ሊቅ «የቀረበልንን ጽሑፍ ሁለት ሰው አንብቦ አስተያየት ይጻፍበት» ብሎ ሐሳብ አመጣ። ለሙከራ የአየሪ የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ተመረጠ፤ ገምጋሚ እሱና ጆን ላቦክ ሆኑ። ሂወል የፈለገው ጽሑፉን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅና የሚያወድስ ነገር መጻፍ ነው። ላቦክ ደግሞ ቁጭ ብሎ ስሌቱን መረመረና ስህተት መልቀም ጀመረ። ሁለቱ አልተግባቡም። ያው በመጀመሪያው ቀን አንዱ አመስጋኝ፣ ሌላው ለቃሚ ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ተማሪዬ ሆይ፣ የደረሰብህ ነገር ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ደግሞ አትሳሳቱ፤ ግምገማው ወዲያው የሁሉም ሕግ አልሆነም። ኔቸር የሚባለው ትልቁ ጆርናል ሁሉንም ጽሑፍ ለውጭ ገምጋሚ መላክን ደንብ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ያወጡት ዝነኛ ጽሑፍ ገምጋሚ አላየውም። ባዮሎጂ አስተማሪው ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው አላመነኝም ነበር።

የአንስታይንን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከረዳቱ ከናታን ሮዘን ጋር «የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም» ወደሚል መደምደሚያ የሚያደርስ ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላከ። አሜሪካ ገና መግባቱ ነው፤ ጀርመን ሳለ የለመደው ልኮ መታተም ብቻ ነው። ኤዲተሩ ጆን ቴት ግን ጽሑፉን ለገምጋሚ ሰጠው። ገምጋሚው አሥር ገጽ ያህል አስተያየት ጻፈ፤ ስህተት አለበት አለ። አንስታይን ተናደደ። እንዲታተም ላክን እንጂ ለሌላ ሰው አሳዩልን መቼ አልን የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጽፎ ጽሑፉን መልሶ ወሰደው። ለሌላ ጆርናል ሰጠውና እዚያ ተቀበሉት።

ከኅትመቱ በፊት ግን ሃዋርድ ሮበርትሰን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ከአንስታይን አዲስ ረዳት ጋር ተዋወቀ። እንደ ጨዋታ እያደረገ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየው። ረዳቱ ለአንስታይን ነገረው። አንስታይንም ጽሑፉን አርሞ፣ ርዕሱን ቀይሮ፣ መደምደሚያውን ገልብጦ እ.ኤ.አ. በ1937 አወጣ። ስም ያልነበረው ገምጋሚ ያው ሮበርትሰን ራሱ ነበር! ይሄ የተረጋገጠው ሁለቱም ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2005 የጆርናሉ መዝገብ ሲከፈት ነው። የስበት ሞገድ ደግሞ በ2015 በመሣሪያ ተያዘ። አለ ማለት ነው። ያ «ድራሹን ያጠፋው» ገምጋሚ አንስታይንን ከትልቅ ሐፍረት አዳነው። እሱ ግን ለዚያ ጆርናል ዳግመኛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልላከም። ኩርፊያ የሊቅም አለው።

ወደ ሶሲዮሎጂው እንምጣ፤ የልጁ ትምህርት እሱ ነውና። የአሜሪካው ቀደምት የሶሲዮሎጂ ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1895 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተመሠረተ፤ መሥራቹ አልቢዮን ስሞል ይባላል። ሁለተኛው ትልቁ በ1936 ተጀመረ። የጸሐፊውን ስም ሸፍኖ ለገምጋሚ መስጠትን ቀድመው ከለመዱት መካከል በ1950ዎቹ የሶሲዮሎጂ ሰዎች ይገኙበታል። ሙያቸው ሰው በማዕረግና በዘመድ እንዴት እንደሚዳኝ ማጥናት ስለሆነ ይመስለኛል፤ ራሳቸውን አውቀውታል።

ቺካጎን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው የቺካጎ ሶሲዮሎጂስት አገራችን መጥቶ መንዝ ገጠር ከገበሬ ጋር ኖረና እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ «ሰምና ወርቅ» ነው። ስለ አማራ ማኅበረሰብ በዓለም ብዙ የተጠቀሰው የሶሲዮሎጂ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከቅኔ ቤት ነው። ሌላው አለን ሆበን ነው፤ አንትሮፖሎጂስት ነው። እሱ ወደኛው መጣ፤ ደጋ ዳሞት። ርስት በአባትም በእናትም እንዴት እንደሚቆጠር፣ አንድ ገበሬ ስንት ዓይነት ዘር ቆጥሮ መሬት እንደሚጠይቅ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳተመ። አያቶቻችን እሳት ዳር የሚከራከሩበትን ነገር አንድ ፈረንጅ ሥርዓት አስይዞ ጻፈው። ሁለቱም መጽሐፎች እንግሊዝኛ ናቸው፤ እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

አገር ውስጥ ያለው ጅማሮ ግን በጣም ደስ የሚለኝ ነው። በ1950ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ልጆቹ ለእረፍት አገራቸው ሲሄዱ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ዕድሩ ጽፈው ያመጣሉ፤ በቡሌቲን ይታተማል። ከዓመታት በኋላ አሉላ ፓንክረስት ሰብስቦ መልሶ አሳትሞታል። ዛሬ ያንን የሚያነብ ተመራማሪ ከጥቅሱ በላይ ዝርዝሩን ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቆመ፣ ጆርናሉም በዚያው ዓመት ጥር ወጣ፤ ኤዲተሮቹ ሪቻርድ ፓንክረስትና ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። ቤቱ ያው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነው።

ገምጋሚ ሳያገኝ የቀረ ሥራም አለን። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በልጅነታቸው በጦርነት ከኦሮሞ አገር ተማርከው መጥተው ጎጃም ያደጉ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት የኖሩ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። የጎጃምን ታሪክ ጻፉ። ጽሑፋቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ አሥርት ዓመታትን ኖረ፤ ተመራማሪ ሁሉ ይጠቅሰዋል፣ ሕዝብ ግን አያገኘውም። ግርማ ጌታሁን የተለያዩ ቅጂዎችን አስተያይቶ፣ ተርጉሞ፣ ማስታወሻ ጨምሮ በእንግሊዝኛ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አለቃ ዛሬ ቢኖሩና ለጆርናል ቢልኩት ሁለተኛው ገምጋሚ ምን ይላቸው እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ። «ሜቶዶሎጂው የት አለ?»

እንግዲህ የኔው።

በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። በኅዳር የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ገበሬው አዋጁን ያየው በገንዘቡ መጠን አልነበረም። «ገቢህን ሊገምት የመጣ ሰው መሬትህን ይለካል፣ መሬትህን ከለካ ርስትህን ይወስዳል» ነው ያለው። ቀላድ የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ነበር። ሞጣ፣ ዳሞት፣ ብዙው አገር አመፀ። ወታደርም ነጭ ለባሽም ዘመተ፣ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ታዘዘ። ዞሮ ዞሮ ግብሩ ጎጃም ላይ አልተሰበሰበም። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተነሡ።

እኔ ያን ዘመን በአካባቢያችን ሽማግሌዎች አንደበት ለመጻፍ ተነሣሁ። ለሁለት ክረምት አሥራ አንድ ሰው በስልኬ ቀረጽኩ። ከሁሉም የሚበልጡት አንድ አባት ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ትዝታቸው ግን እንደ ቢላ ነው። አንድ ሰዓት ሲያወሩ አንድ ስም አይሳሳቱም። በመጨረሻም «አንተ መምህር፣ ይሄን የምትጽፈው ለማን ነው?» አሉኝ። «ለዓለም ነው አባቴ» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

በእጄ ጻፍኩት፣ ኮምፒውተር ቤት አስተየብኩት፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ጓደኛዬ አብሮኝ አምሽቶ ወደ እንግሊዝኛ መለስነው። ግንቦት 2014 ላክሁ። የጆርናሉን ስም አልጠቅስም። ቅጹ ላይ «ማዕረግ» የሚል ሳጥን አለ፤ ስትነካው ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ሌክቸረር እያለ ይወርዳል። መምህር የሚል የለም። መጨረሻ ላይ «ሌላ» ይላል። እሱን መረጥኩ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ዲፕሎማ፣ ሌላ።

መልሱ አሥራ አራት ወር ፈጀ፤ ሐምሌ 2015 ላይ መጣ። አንደኛው ገምጋሚ ሦስት መስመር ነው የጻፈው፤ «ጥሩ መረጃ ነው፣ እንግሊዝኛው ይስተካከል»። ሁለተኛው አራት ገጽ። ሠላሳ አንድ ነጥብ ቆጥሮ። ጸሐፊው ይሄን አላነበበም፣ ያንን አልጠቀሰም፣ የሽማግሌ ወሬ ከመረጃ ጋር ተቀላቅሏል፣ ተጠያቂዎቹ እንዴት ተመረጡ? ዘጠነኛው ነጥብ ላይ «ዋናው ተጠያቂ ስለ ቀኖቹ በድጋሚ ይጠየቁ» ይላል።

ዋናው ተጠያቂ መጋቢት ላይ ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

ያን ሰሞን ክፍል ስገባ ጠመኔ እስክሰብር ድረስ ነበር የምናደደው፤ የክረምት ማጠናከሪያ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። ጓደኛዬ «ዲፕሎማ መሆንህን አውቀው ነው» አለኝ። ስሜ ተሸፍኗል፤ ግን ጽሑፉ ውስጥ «በማስተምርበት አካባቢ» የምትል ቃል ትቼ ነበርና ሊያውቁ ይችላሉ። ነገሩ ባዶ ጥርጣሬ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ፒተርስና ሴሲ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በታዋቂ ተቋማት ሰዎች ተጽፈው አስቀድመው የታተሙ አሥራ ሁለት ጽሑፎችን ወሰዱ። የጸሐፊዎቹን ስም ቀየሩ፣ የተቋማቱንም ማንም በማያውቀው የፈጠራ ስም ተኩ። ከዚያ መልሰው ለዚያው ላተማቸው ጆርናል ላኩ። መታተሙ የታወቀው ሦስቱ ብቻ ነው። ከቀሩት ዘጠኙ ስምንቱ ውድቅ ሆኑ፤ ያውም ብዙዎቹ ከባድ የአጠናን ስህተት አለባቸው ተብለው! ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1982 አሳተሙት። አንድ ጽሑፍ ነው፤ ከሐርቫርድ ሲመጣ ጥናት፣ ከቁይ ሲመጣ ወሬ እንዳይሆን መፍራቴ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በሌላ በኩል እኔም አራሚ ነኝ። ከስልሳ በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ፈተና ማታ በባትሪ ሳርም፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ወረቀቶችና ሃምሳኛውን በአንድ ዓይን አየሁ ብል እዋሻለሁ። ሃምሳኛው ላይ ያለው ልጅ ምን በድሎኝ ነው? ምንም። ሁለተኛው ገምጋሚ ግን ያለ ክፍያ አራት ገጽ ጽፎልኛል። ሦስት መስመር የጻፈው ነው ወይስ እሱ ነው ያነበበኝ? ይሄን ለመቀበል አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከሳምንት በኋላ ሠላሳ አንዱን ነጥብ ደብተር ላይ በተራ ገለበጥኳቸው። ስድስቱ ስህተት ናቸው፤ ቀላድና ርስት ምን እንደሆኑ የተምታታበት ቦታ ሁሉ አለ። ሌሎቹ ግን ልክ ናቸው። የገብሩ ታረቀን የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ አመፆች የሚያወዳድር መጽሐፍ አላነበብኩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው! በራሴ አገር ጉዳይ ላይ የተጻፈውን ዋናውን መጽሐፍ ሳላይ ነው ለዓለም እጽፋለሁ ያልኩት። አዲስ አበባ ያለች የቀድሞ ተማሪዬ የጎጃሙን ምዕራፍ በስልኳ አንድ በአንድ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይሄን ስታነቢ ታውቂያለሽ።

አሥራ ሰባተኛው ነጥብ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ርስት ያልነበራቸው ሰዎች በዚህ አመፅ ውስጥ የት ነበሩ?»

ደነገጥኩ። አሥራ አንዱም ያናገርኳቸው ሰዎች ርስተኛ ናቸው። አሥራ አንዱም ወንድ ናቸው። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ብዙ ጊዜ ሙስሊሙም ጭምር በዚያ ዘመን የርስት ቆጠራ ውስጥ እንደማይገባ እያወቅኩ አንዱንም አልጠየቅኩም። አመፁ የርስት ነው ብዬ ስለጻፍኩ ርስት የሌለው ሰው አልታየኝም። ገምጋሚው ቁይ የት እንዳለች አያውቅ ይሆናል፤ እኔ በየቀኑ የማልፍበትን በር ግን እሱ ነው ያሳየኝ።

እና ሄድኩ። በገበያ ቀን ሸክላ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ፤ ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፣ እናቴም ምጣድ ከሳቸው ነበር የምትገዛው። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባለርስቶቹን ጠይቅ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቡና አፈሉ። በሁለተኛው ስኒ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እኛ የሚለካ መሬት አልነበረንም፤ ቀላዱም ቢመጣ ባይመጣ ለኛ ያው ነው። ግን ጫካ ለገባው ሰው እንጀራ ይጋገር ነበር፤ ያ ሁሉ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ የናቴ ነው። ማታ ማታ እየመጡ ይወስዱ ነበር። ዋጋውን እስካሁን አልከፈሉንም።» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ እየጻፍኩ ነበር። ከሳቸው በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች አናገርኩ፤ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ስለ ነጭ ለባሹ የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ለጽሑፉ ይቆይ።

መልሱን ለማስገባት የተሰጠኝ 60 ቀን ነበር። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኔ ቀን መቁጠሪያ ግን አልተቋረጠም። ጽሑፉ ፍላሽ ላይ ሆኖ፣ እኔ ቁይ ሆኜ ጊዜው አለፈ። ከብዙ ወራት በኋላ ደብረ ማርቆስ መስመር ያለው ቢሮ በጓደኛ በኩል አግኝቼ ስከፍት «ጊዜው አልፏል፣ ፋይሉ ተዘግቷል» ይላል። ለኤዲተሩ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። በአምስት ቀን መለሰልኝ፤ ደብዳቤው ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነበር፣ አዝኛለሁ ይላል። እንደ አዲስ ጽሑፍ አስገባው አለኝ። አስገባሁ። እንደ አዲስ ማለት ደግሞ አዲስ ገምጋሚዎች ማለት ነው።

ካዲሶቹ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስለ ሸክላ ሠሪዎች የተጻፈው ክፍል ከርዕሱ ይወጣል፤ ቢቀር ይመረጣል።»

ኧረ ጉድ! በዚህኛው ግን አልተናደድኩም። በእርጋታ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ተኩል መልስ ጻፍኩ። ለምን እንደማይቀር፣ ማን እንደጠየቀኝ፣ ምን እንዳገኘሁ። የኔታ ፊት ቆሞ «ይሄ ግስ እኮ በዚህ አገባብ ይሄዳል» ብሎ መጽሐፍ ጠቅሶ የሚከራከር ተማሪ አለ፤ የሚከበረውም እሱ ነው። ችግሩ እዚህ ቤት የኔታ ፊት የላቸውም፤ ስትከራከር ዓይናቸውን ማየት አትችልም። ከላክሁት አምስት ወሩ ነው፤ መልስ አልመጣም።

ስለዚህ ልጄ፣ እኔ የምልህ ይሄ ነው። ዛሬ አትመልስላቸው። የሁለተኛውን ገምጋሚ ነጥቦች ደብተር ላይ በተራ ጻፋቸው፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅህ። ከፊት ለፊታቸው «ልክ ነው»፣ «ተሳስቷል»፣ «አልገባኝም» እያልክ ሙላ። «ተሳስቷል» ያልከው ከግማሽ በላይ ከሆነ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሙላው። ከዚያ በቴሌግራም ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ያለውን ሁሉ እንድትቀበል አይደለም፤ ያነበበህ ሰው ምን እንዳየ ሳታውቅ እንዳትተወው ነው።

ሸክላ ሠሪዋን እናት ባለፈው ገበያ አግኝቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ «መምህር፣ ያ ወረቀት ወጣ?» ገና ነው አልኳቸው። «ስንት ጊዜ ሆነው?» ነገርኳቸው። ከፊታቸው የተደረደረውን ምጣድ አዩና፣ ዝናቡ መጣ መሰለኝ ልሸፍነው ብለው ተነሡ፤ እኔም አገዝኳቸው።